የከድሩ አምስተኛ ሚስት

ወልደ ኢየሱስ እጁ የተባረከ ጸሐፊ ነበር። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በዚያው እጅ ስለሆነ ነው። አንኮበር አካባቢ ከአንድ መሪጌታ ቁም ጽሕፈት ተምሮ፣ ድቁናውን ትቶ አስኳላ ገብቶ፣ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ ወደ ቆላ ወረደ። የወረደው ለበረሃ አበል ነው፤ ሌላ ምክንያት አለኝ ብሎም አያውቅም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ብቻ ነበር።

የቀጠረው መሥሪያ ቤት የአዋሽ ቆላ ማመላለሻ ድርጅት ይባላል። አብዮቱ ከየግለሰቡ የወረሳቸውን አውቶቡሶች ሰብስቦ ከአዋሽ እስከ አሰብ መንገደኛ የሚያመላልስ የመንግሥት ድርጅት ነው። ወልደ ኢየሱስ እዚያ የሠራተኞች መዝገብ ያዥ ሆነ። ማን መቼ እንደ ተቀጠረ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ወለደ የሚጻፈው በእሱ እጅ ነው። በዚያ ሙቀት ላቡ ቀለሙን እንዳያበላሽበት ከእጁ አንጓ ሥር የታጠፈ መሐረብ አንጥፎ ይጽፋል። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ካሣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣበት የወልደ ኢየሱስን መዝገብ እየገለጠ ያሳያል። ከአውቶቡሶቹ ይልቅ መዝገቡ የሚያኮራ ስለ ነበር አልፈርድበትም።

መኖሪያው ከጋራዡ ጀርባ በአንድ መስመር ከተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ነበር። ግድግዳ የሚጋራው ከመካኒኩ ከከድሩ ጋር ነው። ከድሩ የባቲ ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ ለኢድ እንኳ የማይለቅለት። ባለቤቱ ሀጂራ ግን ጨዋታ አዋቂ፣ ቤቷ ሰው ካልገባ የማይደላት ሴት ናት። ብቻውን የሚኖረውን ጎረቤቷን አይታ አንጀቷ አልቻለም። በመጣ በሳምንቱ በግድግዳው በኩል «ወልዴ፣ ና ብላ!» ብላ ጠራችው። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳውን የበላው እዚያ ነው። የእነሱን ሥጋ እንደማይበላ ታውቃለችና ለእሱ ብቻ የምትሠራበት ትንሽ ድስት ገዛች፤ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን በዚያች ትሠራለታለች። የጦም ቀኑንም ከእሱ ይልቅ የምታስታውሰው እሷ ነበረች።

እንግዲህ ወደ ጣጣው እንምጣ። የድርጅቱ ሠራተኛ ለራሱና ለቤተሰቡ ነፃ የጉዞ ፈቃድ የማግኘት መብት ነበረው። ፈቃዱ ቢጫ ወረቀት ነው። የያዘ ሰው አይሰለፍም፣ ቲኬት አይቆርጥም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በየኬላው የቀበሌ ይለፍ አይጠየቅም። ጊዜው አንድ ሰው ከከተማ ከተማ ለመሄድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ነበር፤ ቢጫው ወረቀት የስንቱን ልብ እንዳማለለ መገመት አያቅትም።

የቲኬት ክፍሉ ኃላፊ እሸቴ ይህን ከሁሉ ቀድሞ ገመተ። እሸቴ አፈ ቅቤ ነው። መጀመሪያ ወደ ወልደ ኢየሱስ የመጣው አንዲት ሴት አስከትሎ ነበር። ሴትየዋ ልጇ አሰብ ታሞባት ቀበሌው ይለፍ ከልክሏታል፤ እንባዋም እውነተኛ ነበር። ወልደ ኢየሱስ አንጀቱ ተላወሰና የአንዱ ሠራተኛ ሚስት አድርጎ ፈቃድ ጻፈላት። ሁለተኛዋ ሴት ስትመጣ ግን እንባ አልነበራትም። ነጋዴ ናት፤ ከአሰብ ጨርቅ ልታመጣ ነው። ሦስተኛዋ ስትመጣ ወልደ ኢየሱስ ለምን እንደምትሄድ መጠየቁንም ተወው። ማኅተሙን እሸቴ ያመጣል፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ በእጁ ነውና። የጓድ ካሣን ፊርማ ደግሞ ወልደ ኢየሱስ ይፈርማል፤ ከጓድ ካሣ አሳምሮ። ድርሻውን ሲቀበል ያፍር ነበር፤ ግን ይቀበል ነበር። በዚያ ብር ራዲዮና የስፖንጅ ፍራሽ ገዛ፣ በፍራሹ ላይም ደህና አድርጎ ይተኛ ነበር።

መንገደኞቹ ሁሉ ሴቶች ነበሩ። ወንዱ በየኬላው ለሚሊሺያ እንዳይታፈስ እየፈራ ከቤቱ አይወጣም፤ ንግዱ በሴቶቹ እጅ ገብቷል። ሴት ደግሞ በነፃ ለመሄድ የሠራተኛ ሚስት መሆን አለባት። ክርስቲያኑ ሠራተኛ በመዝገብ ያለው አንድ ሚስት ብቻ ነው፤ ከመዝገብ ውጭ ያለውን እኔ አላነሣም። ስለዚህ ሚስቶቹ ቶሎ አለቁባቸው።

«ከድሩ እስላም አይደለም እንዴ?» አለ እሸቴ አንድ ቀን፣ የክብሪት እንጨት እያላመጠ።

ወልደ ኢየሱስ የከድሩን ፋይል ከፈተ። የቤተሰብ ገጹ ባዶ ነው። ከድሩ ያገባው ከተቀጠረ በኋላ ነበር፤ አስመዝግብ ሲባል «ይደርሳል» እያለ ሳያስመዘግብ ቀርቷል። ሀጂራም ብትሆን የናፍጣ ሽታ ስለሚያስመልሳት አውቶቡስ የሚባል ነገር አትወጣም፤ ፈቃድ ጠይቃም አታውቅ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ሴቶች እዚያ ባዶ ገጽ ላይ ሠፈሩ፣ እያንዳንዳቸው ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው። አራተኛዋ ስትገባ ወልደ ኢየሱስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ከዚህ በላይ አይሆንም» አለ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «ሃይማኖታቸው ከአራት በላይ አይፈቅድም።»

የሸሪዓ ዘበኛ የሆነ መስሎታል! እሸቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀበት። ወልደ ኢየሱስ የቆጠረው ከወረቀቱ ላይ ነው። በዚያው ቀን ምሳውን ሀጂራ ቤት በልቷል፤ እጁን እንኳ ያስታጠበችው እሷ ናት፤ ሆኖም ሲቆጥር ትዝ አላለችውም።

በ1975 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ወልደ ኢየሱስ የእናቱን ተዝካር ሊያወጣ ወደ አንኮበር ሄደ። በሄደ በአራተኛው ቀን ለሀጂራ መልእክት መጣ። እናቷ ሎግያ፣ ወንድሟ ናስር ቤት፣ በጠና ታመዋል። ከድሩ ሥራውን ጥሎ ቢሮ ሮጠ። ታይፒስቷ ውባንች ከድሩ ሚስት እንዳለው አገር ያውቃል ብላ ፋይሉን ሳትከፍት ፈቃዱን በታይፕ መታችለት፤ ጓድ ካሣም ራሱ በገዛ እጁ ፈረመ። በዚያ ዓመት ከድርጅቱ የወጣ እውነተኛ የሚስት ፈቃድ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሀጂራ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ተሳፈረች።

አውቶቡሱ ሎግያ አይቆምም፤ መንገደኛ የሚያወርደው ትንሽ አለፍ ብሎ ሰመራ ነው። ሰመራ ያኔ ከተማ አትባልም። ጥቁር ድንጋይ የሞላበት ሜዳና ነፋስ ናት። በሜዳው መካከል የድርጅቱ መቆጣጠሪያ የሆነ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤትና አንድ የውኃ በርሜል ቆመዋል። ተቆጣጣሪው ጣሃ ይባላል፤ የወሎ ልጅ፣ ሰላቱን ጠባቂ፣ በሥራውም የማይቀለድበት። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ቢጫ ወረቀቶቹን እየተቀበለ የባለፈቃዱን ስምና የማን ቤተሰብ እንደሆነ በትልቅ ደብተር ይገለብጣል። ከድሩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ በደብተሩ ግን ያከብረዋል። አንዲቷን ሚስቱን ማስተዳደር ያቃተው ጣሃ፣ በመካኒክ ደመወዝ አራት የሚያስተዳድር ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን እያለ ስንት ቀን ተደንቋል!

የሀጂራን ወረቀት አየ፤ ደብተሩን ገለጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ የከድሩ ምን ነኝ አልሽ?»

«ባለቤቱ።»

«ስንተኛዋ?»

ሀጂራ የሚቀልድ መስሏት በዚያ ሁሉ ማቅለሽለሽ መካከል ሳቀች። «ወንድሜ፣ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም እኔ ነኝ።»

ጣሃ አልሳቀም። ከደብተሩ እየጠቀሰ አራቱን ስሞች ከነተጓዙበት ቀን አነበበላት። ሁለቱን ሀጂራ ታውቃቸዋለች፤ አዋሽ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ቆንጆዎች ናቸው። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«አንቺ አምስተኛ ልትሆኚ ነው» አላት ጣሃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌላው መንገደኛ እንዳይሰማ። «አምስተኛ ደግሞ የለም እህቴ፤ ሐራም ነው። ወይ እሱ አታሎሻል፣ ወይ አንቺ እኔን እያታለልሽኝ ነው።»

ከቀድሞዎቹ ፈቃዶች አንዱን ከመሳቢያ አውጥቶ ከእሷው ጋር አስተያየ። የቀድሞው በእጅ የተጻፈ፣ የተዋበ ነው። የእሷ በታይፕ ተመትቷል፤ ፊርማውም ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ጣሃ ራሱን ነቀነቀና ወረቀቷን ያዘባት። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ጥላ ሥር አስቀምጦ ውኃ ሰጣት፣ በመጀመሪያው የጭነት መኪናም ወደ ኋላ ወደ ሎግያ ሰደዳት። እናትየው በሳምንቱ ተሻላቸው። ሀጂራ ግን ወደ አዋሽ አልተመለሰችም።

ጣሃ ያየውን ለድርጅቱ ቢያመለክት ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ በወጣ ነበር። እሱ ግን ያየው ማጭበርበር አይደለም፤ ኃጢአት ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ለአዋሹ ሼህ ነበር፦ ከጀማዓችሁ አንዱ አምስት አግብቷልና ምከሩት የሚል። ሼሁ ከድሩን አስጠሩት። ከድሩ ማለ፣ ተገዘተ። ሰው ግን የመንግሥት መዝገብ ይዋሻል እንዴ እያለ አላመነውም። ጋራዥ ውስጥ ያሉት ጓደኞቹ ደግሞ ይባስ ብለው «አንተ ዝምተኛ!» እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉት ጀመር፤ ለእሱ ይህ ከስድብ ይከፋ ነበር።

ወልደ ኢየሱስ ሲመለስ ቅዳሜ ጧት ነበር። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ከድሩን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘው። ከድሩ የሆነውን ሁሉ ነገረው። በሕይወቱ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

«ወላሂ ወልዴ፣ እነዚያን ሴቶች መንገድ ላይ ባያቸው አልለያቸውም» አለው። «ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ናስር እህቱን ይዞ ይመጣል፤ ሊያፋታት ነው የሚመጣው። አንተ የመዝገብ ሰው ነህ፣ ፋይሌን ክፈተው። ከድሩ ያለችው አንዲት ሀጂራ ናት የሚል አንድ ወረቀት ጻፍልኝ፣ ማኅተም አርግበት። ካንተ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?»

«እጽፋለሁ» አለ ወልደ ኢየሱስ፣ ሻንጣውን እያነሣ።

ሰኞ ጧት እሸቴ ቢሮ ገብቶ ነገረው። እሸቴ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«አብደሃል?» አለው። «እስካሁን ስለ ፈቃድ የጠየቀ አለ? የለም። የሚጠይቁት ስለ ሚስት ነው። ያን ወረቀት ከጻፍክ ተቆጣጣሪው ከደብተሩ ጋር ያስተያየዋል፤ ታዲያ እነዚያ አራቱ እነማን ናቸው ይላል። ያኔ አንተም እኔም የኢኮኖሚ አሻጥረኞች ነን። አሻጥረኛ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ታውቃለህ።»

ያውቃል። በየሳምንቱ በራዲዮው ይሰማል።

«የባልና ሚስት ነገር ነው፤ ይታረቃሉ» አለ እሸቴ ድምፁን አለስልሶ። «ባይታረቁም ሌላ ያገባል። ተፈቅዶለት የለ!»

ወልደ ኢየሱስ አልሳቀም፤ ግን ወረቀቱንም አልጻፈም። ሰኞ ማታ ለከድሩ «ጓድ ካሣ ስብሰባ ላይ ነው» አለው። ማክሰኞ «ማኅተሙ የተቆለፈበት ሳጥን ቁልፍ ጠፋ» አለው። ከድሩ ሁለቱንም አመነ። ቢጠረጥረው ለወልደ ኢየሱስ ይሻለው ነበር።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ግድግዳው ተንኳኳ። «ወልዴ፣ ና ብላ» አለ የከድሩ ድምፅ። ከድሩ በዚያች በትንሿ ድስት ሽሮ ሠርቷል። አርሮበታል፣ ጨውም በዝቶበታል።

«ረቡዕ ነው ብዬ ቅቤ አላገባሁበትም» አለው። «ሀጂራ ስትል እሰማት ነበር።»

ወልደ ኢየሱስ አንድ ጊዜ ጎረሰ። አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። የዚህን ሰው እንጀራ እየበላ ቤቱን ያፈረሰበት እሱ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ለእሱ ጦም ይጨነቃል። እስር ቤትን ይፈራል፣ እጅግ አድርጎ ይፈራል። ጁምዓን በዝምታ እንደማያሳልፍ ግን እዚያች ድስት አጠገብ ሆኖ አወቀ። ጀግንነት ነው አልልም፤ ወልደ ኢየሱስ ጀግና አልነበረም። ዝም ብሎ እፍረቱን መሸከም አቅቶት ነው። ሽሮውንም ጨርሶ በላው፣ ምክንያቱም ቢተወው ከድሩ ይከፋው ነበር።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ በሼሁ ግቢ ከዛፉ ጥላ ሥር ሰሌን ተነጠፈ። ሼሁ አሉ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ፣ ናስር ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል፤ ጣሃም ደብተሩን ታቅፎ ከሰመራ መጥቷል። ሀጂራ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ናት። ወልደ ኢየሱስ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ሲገባ የከድሩ ፊት በራ። ያ ፊት ነው በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ እስር ቤት ውስጥ የተከተለው።

«ወረቀቱን አመጣኸው?» አለ ከድሩ።

«አላመጣሁም» አለ ወልደ ኢየሱስ ቆሞ እንዳለ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «አባቶቼ፣ ከድሩ አራት ሚስት አላገባም። እነዚያን አራት ሴቶች የዳርኩለት እኔ ነኝ። ስማቸውን የጻፍኩ እኔ፣ ፊርማውንም የፈረምኩ እኔ። ነጋዴዎች ናቸው፤ በነፃ እንዲሄዱ የሱን ሚስቶች አደረግኳቸው፣ ተከፈለኝም። እሱ አያውቅም። እውነተኛዋ ሚስቱ ሀጂራ ብቻ ናት፤ እሷን ግን አልጻፍኳትም።»

ፋይሉን ከፍቶ ሼሁ ፊት አስቀመጠው። ጣሃ ጎንበስ ብሎ ገጹን አየ።

«ያ የሚያምረው ፊርማ ያንተ ነው?» አለ።

«የኔ ነው።»

ጣሃ ደብተሩን ዘጋ። ሌላው ሁሉ ተቆጥቶ ነበር፤ እሱ ግን ዘመድ የሞተበት ይመስል ነበር።

መጋረጃው ተገለጠና ሀጂራ ወጣች። ሽማግሌ ፊት እንዲህ መውጣት ወግ አይደለም፤ ያን ቀን ግን የከለከላት የለም። በወልደ ኢየሱስ አጠገብ ሳታየው አልፋ ከድሩ ፊት ቆመች። «ተነሥ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለችው። ከድሩ ተነሥቶ ተከተላት። ናስር እህቱ ያላየችውን ያህል አፍጥጦ ወልደ ኢየሱስን አየው፣ ግን አልነካውም። ሼሁም «ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው የኛ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ አለቃህ ሂድ» አሉት። ሄደም። እሸቴ በዚያው ከሰዓት ባቡር ጣቢያ ሊሳፈር ሲል ተያዘ። ከኪሱ የተገኘው ቲኬት በሕጋዊ መንገድ የተቆረጠ ነበር ይባላል።

በሚቀጥለው ሰኞ ወልደ ኢየሱስን አንድ የአብዮት ጥበቃ አስከትለው ወደ ቢሮው አመጡት። ግልባጩ ለፍርድ ቤት ተወስዷል፤ ዋናው መዝገብ ግን የድርጅቱ ነው።

«ያበላሸኸውን ራስህ አስተካክል» አለው ጓድ ካሣ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አድርጎ።

የሚስት ስም የሚመዘገበው ባልና ሚስት ባሉበት ነውና ከድሩና ሀጂራም ተጠርተው መጥተው ቆመዋል። ወልደ ኢየሱስ መሐረቡን አነጠፈ። በአራቱ ስሞች ላይ አንድ በአንድ ቀይ መስመር አሰመረባቸው። ከሥራቸው «ባለቤት፦ ወይዘሮ ሀጂራ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። ሰው ከነአባቱ ነው የሚጻፈው። አራቱን ነጋዴዎች ከነአያታቸው ጽፏቸዋል፤ የዚህችን ሴት አባት ስም ግን አያውቅም። ጠይቋት አያውቅም።

«ሀጂራ» አለ ቀና ሳይል። «የአባትሽ ስም ማን ነው?»

ከድሩ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ያንተ አባት ኃይለ ጊዮርጊስ ነው» አለች ሀጂራ ቀስ ብላ። «አያትህ ወልደ ሰንበት። ማሚት የምትባል እህት አለችህ፣ ደብረ ሲና ያገባች፣ ሁለት የወለደች። ወልዴ፣ ስድስት ዓመት ነው እኮ።»

ከዚያ ነገረችው። ይመር አለች፤ ይመር አሊ። ወልደ ኢየሱስ ጻፈው። ጠባቂው ተነሥ እስኪለው ድረስም ስሙን እያየ ተቀመጠ።